ችካሉን የተከለ ይመለስበት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ አባቶቻችን። እንቁላል በእግሩ ሲሄድ ያየ ሰው የለም፤ ነገር ግን ትናንት እንቁላል የነበረው ዛሬ ጫጩት ሆኖ ሲራመድ ስለምናይ፥ የተረቱን እውነት ሁላችንም እንመሰክራለን። በምድራችን ሰሜናዊ ጫፍ፥ አርክቲክ በሚባለው አገር፥ ከእንቁላል ይልቅ የሚያስደንቅ መንገደኛ አለ፤ ይኸውም ግግር በረዶ ነው። ሸለቆውን ሞልቶ፥ ተራራውን ተንተርሶ ሲታይ እንደ ዐለት የጸና ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ክረምት ከበጋ፥ ቀንና ሌሊት፥ ወደ ቍልቍለቱ ይጓዛል። አካሄዱ ቆሞ ለሚመለከተው ሰው አይታይም። የሚታወቀው አንድ ሰው በላዩ ላይ ምልክት ተክሎ ሲሄድ፥ ከቆየም በኋላ ተመልሶ ምልክቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ሲለካ ነው።

ይህን ምልክት በመትከልና በመለካት ከደከሙት ሰዎች መካከል ብዙ ተማሪዎች ይገኛሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ አንዳንድ ጊዜም ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ወጣቶች፥ በዕረፍታቸው ወራት መሣሪያቸውንና ችካላቸውን ተሸክመው ወደ በረዶው አገር ይወጣሉ። ስለ እነዚህ ወጣቶች ሥራ ሁለት ዐይነት የተሳሳተ አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ሁሉን በሚያይበት ዘመን ተማሪ ችካል ተሸክሞ በበረዶ ላይ መንከራተቱ ከንቱ ድካም ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጉዞውን እያመሰገነ ይገድለዋል፤ የሚያመሰግነው ስለ ልኩ ሳይሆን ስለ ጀግንነቱ ነውና። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን። የምንቃወምበትንም ምክንያት ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በቅድሚያ ማን እንደ ሆንን እንናገር። እኛ በግግር በረዶ ላይ ቆመን የምናውቅ አይደለንም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ የምንውል ሰዎች ነን። ነገር ግን ወረቀት ማገላበጥም አንድ ነገር ያስተምራል። ከመካከሉ ገጽ የጐደለበት መዝገብ ባለጉዳዩን ስንት ጊዜ እንደሚያመላልሰው፥ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤም ስንት እውነት እንደሚቀብር እናውቃለን። ስለ ግግር በረዶው የምንከራከረውም በዚሁ ዕውቀት ነው፤ ነገሩ በመሠረቱ የመዝገብ ጉዳይ ነውና።

አለካኩ እንዲህ ነው። ግግር በረዶው የሚወርድበትን ሸለቆ አቋርጦ ከዳር እስከ ዳር ችካል በረድፍ ይተከላል። በጥልቅ ያልተተከለ ችካል በረዶው ሲቀልጥ ስለሚወድቅ፥ ጕድጓዱ በመሰርሰሪያ ብዙ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከዚያም ከበረዶው ውጪ፥ በማይነቃነቅ ዐለት ላይ፥ ሁለት ቦታዎች ይመረጡና በመካከላቸው ያለው ርቀት ተጠንቅቆ ይለካል። ቀያሹ ቴዎዶላይቱን በአንደኛው ዐለት ላይ አቁሞ ወደ እያንዳንዱ ችካል ያለውን ማዕዘን ያነባል፤ ወደ ሁለተኛውም ዐለት ተሻግሮ እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ጐኑና ሁለት ማዕዘኖቹ የታወቁ ሦስት ማዕዘን የቀረው ሁሉ እንደሚታወቅ በሒሳብ ክፍል የተማርነው ነው። ከሳምንታት ወይም ከዓመት በኋላ ተመልሶ እነዚያኑ ማዕዘኖች ሲያነብ፥ ችካሉ የተጓዘው ርቀትና የሄደበት አቅጣጫ ይገለጥለታል። ችካሉ ከበረዶው በላይ የቀረው ርዝመት ሲለካም፥ በዚያ ቦታ ምን ያህል በረዶ እንደ ቀለጠ ይታወቃል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የቴዎዶላይቱን ቦታ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያ ወስዶታል። መሣሪያው ቢለወጥም ሕጉ ግን አልተለወጠም። ሰው መሄድ አለበት፤ መትከል አለበት፤ መመለስም አለበት።

ይህ ጥበብ የተወለደው በአርክቲክ ሳይሆን በአልፕስ ተራሮች ነው። ሁጊ የተባለ የስዊስ ሊቅ በ1827 ኡንተራር በተባለው ግግር በረዶ ላይ ጎጆ ሠራ። ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሉዊ አጋሲ ወደ ስፍራው ሲወጣ፥ ጎጆው ከተሠራበት ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ አገኘው። ጎጆው ሳያስበው የመጀመሪያው ችካል ሆነ ማለት ነው። በ1842 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ፎርብስ ሜር ደ ግላስ በተባለው ግግር በረዶ አጠገብ ቴዎዶላይቱን አቁሞ፥ በረዶው እንደ ወንዝ ውኃ በመካከሉ ከዳሩ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሄድ በቍጥር አሳየ። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ ስለ በረዶው አካሄድ በብዙ ቃል ይከራከሩ ነበር፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን ዳኛ ሆኖ የፈረደው ችካሉ ነው።

ተማሪዎች ወደ ሰሜኑ በረዶ በጓድ መውጣታቸው የታወቀው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጉዞ ጓዶች በ1921፥ በ1923ና በ1924 ከኖርዌይ በስተሰሜን ወደሚገኘው ወደ ስፒትስበርገን ሄዱ። በ1927 ጂኖ ዋትኪንስ የተባለ የካምብሪጅ ተማሪ፥ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፥ በዚያው አካባቢ ወዳለችው ወደ ኤጅ ደሴት የራሱን ጓድ መርቶ ተጓዘ። ከ1935 እስከ 1936 በአሌክሳንደር ግሌን የተመራው የኦክስፎርድ ጓድ በስቫልባርድ ደሴቶች ሰሜን ምሥራቅ ባለው ምድር ክረምቱን በበረዶ መካከል አሳልፎ፥ በረዶውን እያጠና ካርታ ነደፈ። በ1951ና በ1952 የካምብሪጁ መምህር ልዊስ ተማሪዎቹን ወደ ኖርዌይ ተራሮች ይዞ ሄደ። ስፍራው ከአርክቲክ ክበብ በስተደቡብ ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው። ተማሪዎቹ ቬስል ስካውትብሬን በተባለው ትንሽ ግግር በረዶ ውስጥ በእጃቸው ዋሻ ቈፍረው፥ በረዶው በውስጡ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለኩ።

እነዚህን ስሞች ስንጠራ ግን ጉዞውን ስለ ጀግንነቱ ብቻ ከሚያመሰግነው ወገን ጋር እንዳንቈጠር እንጠንቀቅ። ዋትኪንስ በ1932 በግሪንላንድ ብቻውን በካያክ ጀልባ ለአደን ወጥቶ በ25 ዓመቱ ሞተ። ስለ አሟሟቱ የሚተርክ ብዙ ነው፤ ስለ ነደፈው ካርታ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጀግንነትን መውደድ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ ሰው ወደ በረዶው የሚሄደው ለመለካት መሆኑ ቀርቶ ሄዷል ለመባል ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ጓድ አንድ በጋ ይወጣል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይተክላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሠላሳ ወይም አርባ ችካል ይተክልና ከሦስት ሳምንት በኋላ ለክቶ ወደ አገሩ ይገባል። የግብር ማብላትና የንግግር ቀን ይደረግለታል። በሚመጣው ዓመት ሌላ ጓድ ወደ ሌላ ሸለቆ ይሄዳል፤ ያልተረገጠ ቦታ መርገጥ የተረገጠውን ከመድገም ይልቅ ክብር ያስገኛልና። የፊተኛው ችካል ግን የሚጠይቀው አጥቶ በረዶው ይዞት ይወርዳል። የመስኩም ማስታወሻ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ያረጃል። እኛ ይህን ልኬት አንለውም፤ ጉብኝት ነው። ዘር ዘርቶ ለአጨዳ አለመምጣት ነው።

አሁን ወደ ሳተላይት ወዳጆች እንምጣ። ክርክራቸው ቀላል አይደለምና በሐቅ እናቅርበው። ላንድሳት የተባለችው የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት በ1972 ወደ ሰማይ ከወጣች ወዲህ የምድር ገጽ በየጊዜው ከላይ ይነሣል። በልዩ ልዩ ቀን የተነሡ ሁለት ሥዕሎች ሲነጻጸሩ፥ በበረዶው ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም ጕብታ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ይታያል። በዚህም መንገድ የሰው እግር ያልረገጣቸው የብዙ ሺህ ግግር በረዶዎች ፍጥነት ታውቋል። በምዕራብ ግሪንላንድ ያለው የያኮብስሃቭን ግግር በረዶ በ2012 በጋ በዓመት 17 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ፍጥነት ወደ ባሕር ይወርድ እንደ ነበረ የታወቀው በሳተላይት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለጊዜው ፍጥነቱን መቀነሱም የታወቀው ከሰማይ በተወሰደ ልኬት ነው። በዚያ እንደ ተፈለጠ እንጨት በተሰነጣጠቀ በረዶ ላይ ማንም ተማሪ ችካል ሊተክል አይችልም። ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አንቆምም።

ነገር ግን ሳተላይት የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ ከመወለዱ በፊት የሆነውን አያይም። ለዚህም አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንስጥ። በካናዳ ሩቅ ሰሜን፥ አክሰል ሃይበርግ በምትባል ደሴት፥ በበጋ ፀሐይ በማትጠልቅበት አገር፥ 14 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግግር በረዶ አለ። ስሙ ዋይት ይባላል፤ ነጭ ማለት ነው። በሞንትሪያል የሚገኘው የመክጊል ዩኒቨርሲቲ በ1959 በፍሪትስ ሙለር መሪነት የጉዞ ጓድ ወደዚያ ላከ። በጓዱም ውስጥ ተማሪዎች ነበሩበት። ከ1960 እስከ 1970 ድረስ የዚያ በረዶ ፍጥነት በየዓመቱና በየወቅቱ ሳይቋረጥ ተለካ። በዚያን ጊዜ በረዶውን ከሰማይ ሆኖ የሚከታተል ላንድሳት አልነበረም። የነበረው ችካል፥ ቴዎዶላይት፥ እርሳስና በብርድ የደነዘዘ ጣት ነበር።

ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ከ2012 እስከ 2016 ድረስ፥ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ በረዶ በጂ.ፒ.ኤስ. ለክተው ከቀድሞው መዝገብ ጋር አስተያዩት። ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ የዓመቱ ፍጥነት በ31 ከመቶ፥ በ400 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ደግሞ በ38 ከመቶ ቀንሶ አገኙት። በ850 ሜትር ከፍታ አካባቢ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ብዙ ሰው ምድር ስትሞቅ ግግር በረዶ ሁሉ የሚፈጥን ይመስለዋል። ይህኛው ግን በታችኛው ክፍሉ ዘገየ፤ በረዶው ስለ ሳሳ ክብደቱ ራሱን የሚገፋበት ኃይል አነሰ። ከሥሩ የሚያልፈውም ውኃ ፈጥኖ የሚወርድበትን ቦይ ስላበጀ፥ በረዶውን እንደ ቀድሞው ከዐለቱ ላይ እያንሸራተተ እንዳልወሰደው ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ የ1960ዎቹ ማስታወሻ ባይኖር ኖሮ የ2012ቱ መሣሪያ ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ከምን ጋር ይነጻጸር ነበር? አንድ ቍጥር ብቻውን ፍጥነትን ይናገራል፤ ለውጥን የሚናገሩት ግን ሁለት ቍጥሮች ናቸው። ከሁለቱም የፊተኛው ዛሬ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ከዚህም በቀር ሳተላይት የሚያየው ገጹን ነው። ግግር በረዶ ግን የሚጓዘው በሁለት መንገድ ነው፤ በራሱ ክብደት ውስጡ እየተላወሰ ይሄዳል፥ በወለሉም ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። በዚያው በዋይት ግግር በረዶ ላይ የሠራችው አልሙት ኢከን በ1974 ባወጣችው ጥናት የበረዶው ፍጥነት እንዴት እንደሚለዋወጥ በዝርዝር አሳይታለች። በጋ ሲገባ የቀለጠው ውኃ በስንጥቁ ወርዶ ከበረዶው ሥር ሲገባ ግፊቱ በረዶውን ከዐለቱ ያላቅቀዋል፤ በረዶውም ይፈጥናል። ይህን ለማወቅ በበረዶው አጠገብ ድንኳን ተክሎ፥ ችካሉን ደጋግሞ እያነበቡ፥ ውኃው ሲመጣና ሲሄድ እያዩ መሰንበት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የሳተላይት ሥዕል የሚተረጕመው ሊቅ የሥዕሉን ፍች የሚያገኘው እንዲህ ካለው ትዕግሥት ነው። እንግዲህ ሳተላይቱና ችካሉ ባላንጣዎች አይደሉም፤ ችካሉ ለሳተላይቱ ምስክር ነው። ምስክሩን ከሸንጎ ያባረረ ዳኛ ፍርዱ እንደሚጐድል የታወቀ ነው።

የመዝገቡን መቋረጥ አደጋም ከዚሁ ከዋይት ታሪክ እንማራለን። ሙለር በ1980 ባረፈ ጊዜ የበረዶውን ገቢና ወጪ፥ ማለትም የሚወርድበትን አመዳይና የሚቀልጥበትን በረዶ የሚመዘግበው ሥራ ለጥቂት ዓመታት ተቋረጠ። መዝገቡን ዳግመኛ ያነሡት በትሬንት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ፒተር አዳምስ ነበር። አዳምስ በመክጊል ተማሪ ሳለ በዚያው በረዶ ላይ የሠራ ሰው ነው። በኋላም መምህር ሆነ፤ ከዚያም የካናዳ ምክር ቤት አባል ለመሆን በቃ። በተማሪነቱ ወደ ሠራበት በረዶ ዕድሜውና ማዕረጉ ካደገ በኋላ ተመለሰ። እኛ ተማሪ ወደ በረዶ ይሂድ ስንል የምንሻው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በስዊድን ሰሜን፥ ከአርክቲክ ክበብ ወዲያ፥ የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ በሚገኝበት በታርፋላ ሸለቆ፥ ስቱርግላሲያሬን የተባለው ትንሽ ግግር በረዶ ከ1946 ጀምሮ ሳይቋረጥ ይለካል። በዚያው አካባቢ ያለው የኬብኔካይሴ ተራራ ደቡባዊ ጫፍ በበረዶ የተሸፈነ ሲሆን፥ የስዊድን ከፍተኛ ቦታ ይባል ነበር። በ2019 በተደረገው ልኬት ግን ደቡባዊው ጫፍ ቀልጦ ከሰሜናዊው የዐለት ጫፍ 1.2 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። አንድ አገር ከፍተኛ ቦታዋ የትኛው እንደ ሆነ የሚያስተምረውን መጽሐፍ እንድትለውጥ ያደረጋት የጦር ኃይል አይደለም፤ እየተመላለሰ የሚለካ ሰው ነው።

አሁን ከባዱን ጥያቄ እንመልስ። «ይህ ሁሉ ለሰው ልጅ ሕይወት ይበቃልን?» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ቅን ነው። በ2011 በጋ በስቫልባርድ ከብሪታንያ የመጡ ወጣቶች በድንኳን ተኝተው ሳለ ነጭ ድብ መጥቶ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ ገደለ፤ ሌሎች አራት ሰዎችንም አቈሰለ። በሰፈሩ ዙሪያ የተዘረጋው የማስጠንቀቂያ ሽቦ በሚያስፈልግበት ጊዜ አልሠራም። ይህን ሐዘን ክርክራችንን ለማሳመር ብለን ልንደብቀው አይገባንም። ደግሞም ሐዘኑን ወደ ጀግንነት ታሪክ ልንለውጠው አይገባንም። የአንድ ወጣት ሞት የማንም ጉዞ ጌጥ አይደለም። መልሳችን ይህ ነው፤ ለዝግጅቱ የማይጨነቅ ጓድ ለልኩም አይጨነቅም። በሎንግየርቢየን ከተማ በ1993 የተከፈተው የስቫልባርድ የዩኒቨርሲቲ ማእከል ተማሪዎቹን ወደ መስክ ከማውጣቱ በፊት ጠመንጃ አያያዝንና ከበረዶ ስንጥቅ ሰው የማውጣት ዘዴን ያስተምራል። በዚያ ማእከል ጥንቃቄ የፈሪ ሥራ ተደርጎ አይቈጠርም፤ የትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። ይህን ለማሟላት የማይችል ጓድ በቤቱ ይቀመጥ፤ እኛም በዚህ ከወላጆች ጋር ነን።

ታዲያ ተማሪው ራሱ ምን ያተርፋል? በትምህርት ቤት መልሱ በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ተጽፎ የሚገኝ ጥያቄ ስንሠራ ኖረናል። ቍጥራችን ከመጽሐፉ ቍጥር ጋር ካልገጠመ ቍጥራችንን እንሰርዛለን። በበረዶው ላይ ግን የመልስ ገጽ የለም። ተማሪው ይፈጥናል ብሎ የጠበቀው ችካል ዘግይቶ ቢያገኘው፥ ወይም ምንም ሳይለወጥ ቢያገኘው፥ ያንኑ መጻፍ አለበት። ጣቱ ቢደነዝዝ፥ ጓደኞቹ ምሳ ቢጠሩት፥ መምህሩ ሌላ ነገር ቢጠብቅ፥ ያየውን ማዕዘን ለውጦ ሊጽፍ አይችልም፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው በእርሱ ቃል አምኖ ይሠራልና። ያላየውን የማይጽፍ፥ ያየውንም የማይሰርዝ ሰው በበረዶ አገር ብቻ ሳይሆን በማናቸውም መሥሪያ ቤት የተወደደ ነው። ይህን ጠባይ ሳተላይት ሊያስተምርልን አይችልም።

ይህን ጽሑፍ አንብበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኛን ከሰሜን ዋልታ በረዶ ጋር ምን አገናኘን?» የሚሉን አይጠፉም። ወደ ባሌ ተራሮች ይመልከቱ። በሳነቴ አምባና በዙሪያው፥ ዛሬ ቀይ ቀበሮ በሚሮጥበት ሜዳ፥ በጥንት ዘመን ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር። ከ10,000 ዓመት በላይ ሆኖታል ከጠፋ። ሲሄድ ማንም አልለካውም፤ ሲያልቅም ማንም አልጻፈውም። ዛሬ ሊቃውንት ስለ እርሱ የሚያውቁት ገፍቶ ከከመራቸው ድንጋዮች ነው። ከድንጋይ ምስክርነት መቀበል ይቻላል፤ ነገር ግን ድንጋይ በየዓመቱ የሆነውን አይናገርም። የአርክቲክ በረዶ ዛሬ በእኛ ዘመን እየሳሳ ነው፤ ከምድር ላይ የሚቀልጠውም ውኃ ወደ ባሕር እየገባ የዓለምን የባሕር ወለል ከፍ ያደርጋል። የባሌው በረዶ ያለ ምስክር ሄደ፤ ያኛው ግን በምስክር ፊት ይሂድ ብንል ከመጠን ያለፈ ነገር መጠየቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም 2025ን የግግር በረዶ ጥበቃ ዓመት ብሎ የሰየመው ነገሩ የጥቂት አገሮች ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፥ ወደ በረዶው የሚወጣ የተማሪ ጓድ ሁሉ አዲስ ሸለቆ ከመፈለጉ በፊት፥ ቀድሞ የተለካና ተከታይ ያጣ ችካል መኖሩን ይጠይቅ። የሌላውን ረድፍ መቀጠል የራስን ስም ከማስጠራት ይበልጣል። ሁለተኛ፥ የመስኩ ማስታወሻ፥ የዐለቶቹ ቦታና የመሣሪያው ዐይነት ሳይቀር፥ ሌላ ሰው ሊያገኘው በሚችል ቦታ ይቀመጥ። የዓለም አገሮች የግግር በረዶን ለውጥ የሚመዘግብ ኮሚሲዮን በዙሪክ ያቋቋሙት በ1894 ነበር፤ ዛሬም ከ1986 ጀምሮ በዚያችው ከተማ የዓለም የግግር በረዶ መከታተያ አገልግሎት ይገኛል። ስለዚህ ማስቀመጫ አጣሁ የሚል ሰው ምክንያት የለውም። ሦስተኛ፥ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ለአንድ በጋ ከመስጠት ይልቅ፥ ያነሰም ቢሆን ለዐሥር በጋ ይስጡ። አራተኛ፥ ሳተላይት አለ በማለት የመስክ ልኬትን ለማስቀረት የሚያስቡ ባለሥልጣኖች ውሳኔያቸውን ከመፈረማቸው በፊት፥ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ባዶውን ገጽ ሲገልጥ ምን እንደሚላቸው ያስቡ።

በእኛ መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር የያዘውን መዝገብ ቈጥሮ ለተተኪው ያስረክባል፤ ተተኪውም ቈጥሮ ይረከባል። ርክክብ የሌለበት ሥራ ምንም ያህል ቢደክሙበት ሠሪው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ግግር በረዶ ከአንድ ሰው ዕድሜ ይልቅ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሊለካው አይችልም። የሚለካው ትውልድ ለትውልድ ሲያስረክብ ነው። ተማሪውን በዚያ ሥራ ላይ የምንፈልገውም ስለዚህ ነው፤ እርሱ ከመምህሩ በኋላ የሚቀር ነውና።

ችካሉን የተከለ ይመለስበት። እርሱ ለመመለስ ባይችል፥ ቦታውን አስተካክሎ ጽፎ ሌላውን ይላክበት።